ስንት ሰው መጣ?

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቤቷን ልትሸጥ ነውና አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «ፍሎ፣ እሑድ እሑድ በር ከፍቶ ቤት ማሳየት ይጠቅማል እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ። እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው! «ደላላሽን ጠይቂ» ብያት ገባሁና በሩን ዘጋሁባት። ክፉ ሆኜ አይደለም። መልሱ ረጅም ነው፤ ሳወራው ደግሞ ያመኛል።

ነገሩ የእህቴ ባል የቼት ቤት ነው። እህቴን አይሪንን በፋሲካ ሰሞን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ ቀረ፣ ንግግሯም አብሮ ሄደ። ከሆስፒታል ሲያስወጧት ወደ አንድ የሕሙማን ማቆያ ወሰዷት፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች፣ መካከላቸው መጋረጃ። ቼት ጠዋት ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጎብኚ ይውጣ ይባላል። በዚያን ጊዜ አይሪን በደህናው እጇ ጣቱን ይዛ አትለቅም ነበር። ነርሷ ናት ጣቶቿን አንድ በአንድ የምታላቅቀው። ይህን በየቀኑ አስቡት።

ሐይቁ ዳር ያለው የአረጋውያን ቤት ደግሞ ለባልና ሚስት የሚሆን ክፍል ነበረው። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ፊት ለፊቱ ውሃው። እንዲህ ያለ ክፍል አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ቼት መግቢያውን መክፈል የሚችለው ቤቱ ሲሸጥ ስለሆነ እስከ ዲሴምበር አንድ እንጠብቅሃለን አሉት። ከዚያ በኋላ ወረፋ የያዘ ሌላ ባልና ሚስት አለ።

ጊዜው ባንኮቹ ከወደቁ በኋላ ያለው ዓመት ነበር። የባቡር ፋብሪካው ሰው ቀንሷል፣ ወጣቱ ኢሪ ከተማን ለቆ እየሄደ ነው፣ ቤት የሚገዛ የለም። ቼት ያለበት መንገድ ላይ ብቻ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ አምስት ቦታ ተተክሎ ነበር፤ ሁለቱ ከመቆየታቸው የተነሣ ዝገዋል። ቼት የራሱ ሰሌዳ በተተከለ ቀን ጣት የምታህል የቅዱስ ዮሴፍ ምስል ገዝቶ በግንባሯ ደፍቶ ከሥሩ ቀበራት። ቶሎ ይሸጣል ብሎ እኛ ሰፈር ቤቱን የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እኔ እንኳ የማልረባው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በጾም ዓርብ ለሚጠበሰው ዓሣ ብቻ ቢሆንም፣ ጉድጓዱን ሲቆፍር ባትሪ ይዤለታለሁ።

ደላላዋ ታሚ ትባላለች። ፎቶዋ የአውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ሁሉ ላይ አለ፤ ሰው ቂጡን ያሳረፈበት ሁሉ ታሚ ትስቃለች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ኩሽና ውስጥ ቆማ ሕግ አወጣች።

«ሚስተር ጎርስኪ፣ ሰው ቤት የሚገዛው በአፍንጫው ነው። እሑድ ጠዋት ብስኩት ይጋግሩ። ካልሆነልዎት ቀረፋ በውሃ ያፍሉ።»

«ቀረፋ አለ» አለ ቼት።

«ፎቶዎቹን ደግሞ ያንሡ። ገዢው ሲገባ ራሱን ነው ማየት ያለበት፣ እርስዎን አይደለም።»

ቼት የሠርጋቸውን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አወረደ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ነውና ቦታው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ታሚ ሥዕል አምጥታ ሸፈነችው፤ የባሕር ዳር ሥዕል ነው፣ የየትኛው ባሕር እንደሆነ እንጃ።

«እርስዎም ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውጡልኝ። ባለቤት ባለበት ሰው አፉን አይከፍትም።»

ስለዚህ የመጀመሪያው እሑድ እኔና ቼት መንገዱ ጥግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠን የገዛ በሩን ስንሰልል ዋልን። ታሚ ቀይ ፊኛ አስራለች፣ «ቤቱ ክፍት ነው፣ ይግቡ» የሚል ሰሌዳ አቁማለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ የገቡት ከጀርባ የሚኖሩት ሁለት እህትማማቾች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ዓይናቸው ሲቋምጥ የኖረው የአይሪንን ቁም ሣጥን ለማየት ነው። በሁለተኛው እሑድ አንድ ሰው መጣ። ቼት ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ «ፍሎ፣ ይሄ ሰው አረማመዱ ቁም ነገረኛ ነው» አለኝ። ሰውየው ሽንት ቤት ፈልጎ ኖሯል። ግን ጨዋ ነው፣ ስሙን ፈርሞ ነው የወጣው።

ታሚ በር ላይ የምታስቀምጠው ወረቀት አለ፤ የመጣ ሁሉ ስሙንና ስልኩን ይጽፍበታል። ቼት ያንን ወረቀት ወስዶ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈው። አንድ ስም ያለበት ወረቀት። እሱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው ነው፤ ማሽኑ ያልቻለውን ጽሕፈት ሁሉ ለእሱ ነበር የሚያመጡለት። የሰው ጽሕፈት ካየ ጠባዩን ይነግራችኋል። የዚያን የሽንት ቤት ሰውዬ ፊርማ አይቶ፣ «ችኩል ነው» አለ። ያኔ ሳቅሁ።

አይሪን ከስትሮኩ በኋላ የተረፏት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ «አዎ»፣ «ብርድ»፣ «ቼት»። ስለ ክፍሉ ግን ነግሯት ነበር፤ ገብቷታልም። በዚያ እሑድ ማታ ልንጠይቃት ስንገባ ከንፈሯ ሲታገል ቆየና አንድ ሙሉ ነገር ተናገረች።

«ስንት ሰው መጣ?»

ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ሙሉ ንግግሯ ይህ ነው። ቼት ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። አይሪን ታለቅስ ጀመር። ድምፅ የለውም፣ በአንድ ዓይን ብቻ ነው የምታለቅሰው። እንግዲህ ያደረግሁትን ያደረግሁት ለዚህ ነው። ሰበብ አይደለም፣ እንዲታወቅልኝ ያህል ነው።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከድሮ ሾፌር ጓደኞቼ ጋር ቦውሊንግ እንጫወታለን፣ በከተማው በሌላኛው ጫፍ። ቼት ከነሱ አንዱንም አያውቅም፤ ቦውሊንግ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ይላል። በዚያ ሐሙስ በተራዬ ኳሴን አንከባለልሁና ዞሬ ጠየቅኋቸው።

«እሑድ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ምን አላችሁ?»

«ኳስ አለ» አለ ዱዌን። ዱዌን በር የሚያክል ሰው ነው፤ ልጆቹ ሲረብሹ አውቶቡሱን አቁሞ ዝም ብሎ ይቆምባቸው ነበር፣ ይበቃል።

«ኳሱ ያላንተም ይጫወቱታል። ቤት ልታይልኝ ነው።»

«ቤት አለኝ እኮ።»

«ግዛ አላልኩህም። ገዢ ምሰል።»

ሌላዋ ሾፌር ማርጅ በሳቅ ፍርስ አለች። «ዱዌን ገዢ ሊመስል? ጫማ ሲገዛ እንኳ ሚስቱ ናት እግሩን የምታስገባለት!»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ያዢ፣ አንቺም ትሄጃለሽ» አልኳት። «ትገባላችሁ፣ ስም ትጽፋላችሁ፣ ምድር ቤቱን አይታችሁ ‹ደረቅ ነው› ትላላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ባሎቻችሁንም ሚስቶቻችሁንም አምጡ።»

«በራሴ ስም ልጽፍ?»

«ቂል ነህ? ደላላዋ በማግስቱ እየደወለች ልታደርቅህ?»

«እኔስ የባሌን የመጀመሪያ ሚስት ስም ነው የምጽፈው» አለች ማርጅ። «ትደውልላት! ተራዋ ነው።»

ዱዌን ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ አሰበ። «ብስኩት አለ?»

«ቀረፋ የፈላበት ውሃ አለ።»

«እንግዲህ ለእህትሽ ስል ነው» አለ፤ ተስማማ።

በሦስተኛው እሑድ ቼትን፣ «መኪና ውስጥ ተጎልተህ ከሚበርድህ አይሪን ጋ ሂድ» ብዬ ላክሁት። ማታ ወረቀቱ ላይ አሥራ አራት ስም አገኘ። መነጽሩን አድርጎ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን አነበበ፣ ጆሮው እስኪቀላ። ወዲያው ኮቱን ለበሰና ተያይዘን ሄድን። አይሪን ገና በር ላይ ሳለን፣ «ስንት ሰው…» ስትል፣ «አሥራ አራት!» ብሎ ጮኸባት። ሦስተኛዋ አልጋ ላይ ያለችው ሴትዮ እንኳ አጨበጨበች። አይሪን በግማሽ ፊቷ ሳቀች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ፤ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አሥራ ሰባት። ከዚያ አሥራ አምስት። ከመካከላቸው እውነተኛ እንግዶችም ነበሩ፤ መንገድ ተሳስተው የገቡ ባልና ሚስት፣ መስኮት የሚሸጥ ሰውዬም ካርዱን አስቀምጦ የሄደ። ቼት ወረቀቶቹን ማቀዝቀዣው ላይ ጎን ለጎን ደረደረ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደ ልብስ ይወዛወዛሉ።

ታሚ ሞኝ አይደለችም። አንድ ማክሰኞ ቤንዚን ማደያ አግኝታኝ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳች።

«ፍሎ፣ አንቺ ነሽ አይደል የምታመጫቸው?»

«ማንን?»

«እባክሽ! ጓሮ ሄደው ይቀላለዳሉ። የአንዷን ስልክ ስደውል የሞተች ሴት ቤት ነው የገባው።»

«ታዲያ ለምን ለቼት አልነገርሽውም?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «ምን ብዬ? ሰውየው ደስ ብሎታል። አለቃዬም ወረቀቱን አይታ ጎበዝ አለችኝ። ስሚ፣ ልንገርሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ በእሑድ ማሳያ የሸጥኩት ሁለት ቤት ነው። እሑድ በር የሚከፈተው ቤት ሊሸጥ አይደለም።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ለእኔ ነው። ከሚገባው ሰው አንዱ ሌላ ቤት ይፈልግ ይሆናል፣ አንዷ የራሷን ልትሸጥ ይሆናል፤ ስልኩን እይዛለሁ። ባለቤቱ ደግሞ እየለፋሁለት መሆኔን ያያል። በደህና ጊዜ ማንም አይጎዳም።»

«አሁን ደህና ጊዜ ነው?»

«አይደለም» አለች። ጥርሷን ሳታሳይ ስትናገር ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሰደብኋት። አጭበርባሪ አልኳት፣ በሰው መከራ ነጋዴ አልኳት። እሷም አዳመጠችኝና፣ «እኔ ቢያንስ ስሜን ነው የምጽፈው» ብላኝ ወደ መኪናዋ ሄደች። ቤንዚኑን ሳልቀዳ ነዳሁ።

የዚያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። የበለጠ ማቆም የነበረብኝ ደግሞ ከስድስተኛው እሑድ በኋላ ነው፤ ዱዌን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቤቴ መጣና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ።

«ደብዳቤ ጽፎልኛል፣ ፍሎ።»

«ማን?»

«የእህትሽ ባል። ኩሽናው ላይ አስቀምጦት አገኘሁት።»

ዱዌን የሚጽፈው ስም ሃሮልድ ቢንግ ነበር። ሌሎቹ በየተራ ሲመጡ እሱ ብቻ በየእሑዱ ይመላለስ ነበርና ስሙን መቀያየር ደከመው መሰለኝ፤ ሦስት ጊዜ ሃሮልድ ቢንግ ብሎ ነው የፈረመው። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፣ ወደ ግራ የተጋደመ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ኤችን ደግሞ እንደ አጥር በር አድርጎ፣ ከመሐል አግድሞ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤

«ለአቶ ሃሮልድ ቢንግ። ሦስት ጊዜ እንደመጡ አይቻለሁ። ቁም ነገረኛ ሰው ነዎትና ይህንን ልንገርዎ። የምድር ቤቱ የውሃ መምጠጫ ፓምፕ በመጋቢት ሁለት ጊዜ ቢነሣ ደህና ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተነሣ ግን ይጥሩኝ። ማሞቂያው ሲነሣ ያስላል፣ አይስጉ። የደረጃው አራተኛ እርከን ላይ ያለው ጭረት የሚስቴ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዋን ስታወጣ ወድቆባት ነው። ቢገዙት እባክዎ እንዳይጠግኑት። ከሰላምታ ጋር፣ ቼስተር ጎርስኪ።»

«ከእንግዲህ አልሄድም» አለ ዱዌን። ዓይኑ ቀልቷል። «ልንገረው ወይ ብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር።»

«እንዳትሞክረው! ሰውየው ይሰበራል።»

«አሁን ምን ሆኖ ነው?» አለኝና ሄደ።

በዚያው ሳምንት እውነተኛ ገዢ መጣ። እሑድ አይደለም፤ ማክሰኞ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ቀረፋም ሳይፈላ። ባልየው ብየዳ ሠራተኛ ነው፣ ሚስትየው ነርስ ናት፣ ሁለተኛ ልጃቸው በሆዷ። አርባ ደቂቃ ቆዩ። በማግስቱ ታሚ የጽሑፍ ዋጋ ይዛ መጣች፤ ቼት ከጠየቀው በአሥራ አንድ ሺህ ዶላር ያነሰ። ለሐይቁ ዳር ክፍል ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም። መልስ እስከ ሐሙስ ማታ።

ሐሙስ ቦውሊንግ ቀርቼ ቼት ጋ ሄድሁ። ወረቀቶቹን ከማቀዝቀዣው አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል። ታሚም አለች።

«ስድሳ ሁለት ሰው» አለ ቼት፣ በጣቱ እየመታ። «ስድሳ ሁለት ሰው ገብቶ ያየውን ቤት ነው እኔ ለመጀመሪያው ለማኝ የምጥለው?»

«ለማኝ አይደሉም፣ ሚስተር ጎርስኪ» አለች ታሚ። «በዚህ ጊዜ ይህ ጥሩ ዋጋ ነው። ይቀበሉት።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ ሰው ሲበዛ ዋጋ ይወጣል ያልሽኝ?»

ታሚ ወደ እኔ አየች። እኔ ወረቀቱን አየሁ።

«ይህ ሃሮልድ ቢንግ» አለ ቼት። «ተመልከቱት። ይህን ፊደል የሚጽፍ ሰው አይዋሽም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ጽሕፈት ያነበብኩ ሰው ነኝ። እሑድ ደብዳቤዬን ወስዶ ሄዷል፣ ሚስቱን እያግባባ ነው። ይመጣል።»

እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። «ቼት፣ ሃሮልድ የሚባል ሰው የለም» ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል። አፌ ደርሷል፣ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ያላየሁት ፊት ነው፣ የሚፈለግ ነገር ያለው ሰው ፊት። ደግሞም አፈርሁ። ያንን እንደ ደግነት አድርጌ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ደግነት አይደለም፣ ሐፍረት ነው። «ትንሽ ቢጨምሩ ብለህ ጠይቃቸው» ብዬ ብቻ ዝም አልሁ። ታሚም ዝም አለች። ሁለት ሴቶች አምስት ቃል አጥተን አንድ ሽማግሌ ሲሳሳት ቁጭ ብለን አየን።

ቼት ሙሉውን ዋጋ ጠየቀ። ባልና ሚስቱ በሳምንቱ ሁለት መንገድ አልፎ ያለውን ቤት ገዙ።

ሾፌሮቹን አቁሙ አልኳቸው። በቀጣዩ እሑድ ወረቀቱ ባዶውን ተመለሰ። ቼት፣ «የኳስ ቀን ስለሆነ ነው» አለ። በሚቀጥለውም ባዶ ነው። «በረዶው ነው» አለ። ከዚያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ «ቅዱሱን አዙሬ ቀበርሁት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሊያስቀኝ ነበር፣ አልሳቅሁም። አይሪን በየእሑዱ ማታ «ስንት ሰው መጣ?» ትላለች። ቼት በሕይወቱ ለእሷ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ «ጥቂት፣ ግን ቁም ነገረኞች» ማለት ለመደ። ዲሴምበር አንድ ሐይቁ ዳር ካለው ቤት አንዲት ሴት ደወለች። ድምፅዋ ትሑት ነበር። ክፍሉን ወረፋ ለያዙት ባልና ሚስት ሰጡት።

ታሚ እሑዶቹን እናቁማቸው ብትለው ቼት እምቢ አለ። ሃሮልድ ቢመጣስ? በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? ክረምቱን ሙሉ እሑድ እሑድ ቀረፋውን አፍልቶ፣ መንገዱን ጠርጎ ይወጣል። በፌብሩዋሪ ሁለተኛው እሑድ ጠዋት አይሪን ሞተች። ስልኩ ሲደወል ቼት ደጅ ነበር፤ ለሚመጣው ሰው እንዳያንሸራትተው በረዶውን በአካፋ ይጠርግ ነበር። እኔ ነኝ ያነሣሁት። በመስኮት እየተመለከትሁት ትንሽ ቆየሁ፤ እስከ መንገዱ ድረስ አጥርቶ ጠርጎት ነበር።

አስከሬኑ የሚታይበት ቀን ረቡዕ ነው። የቀብር አስፈጻሚው ቤት አዳራሽ ይሞቃል፣ አበባው ይሸታል፣ ቼት ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ እጅ ይጨብጣል። የሠርጋቸውን ፎቶ አምጥቶ ከእግሯ ጎን አቁሞታል። ሾፌሮቹ ሁሉ መጡ። ለእኔ ብለው ነው የመጡት፤ ይህችን ሴት አንድም ቀን አላወቋትም፣ ቁም ሣጥኗን ግን አይተዋል። ማርጅ ጥቁር ለብሳ ነበር። ዱዌን ሙሉ ልብሱ አንገቱን አንቆታል። ከቼት ጋር ሲጨባበጥ ቀና ብሎ አላየውም፣ «በጣም አዝናለሁ ጌታዬ» ብቻ ብሎ አለፈ። ቼትም፣ «ስለመጣህ አመሰግናለሁ» አለው፤ እንደማንኛውም ሰው።

በሩ ላይ መደገፊያ ላይ የተቀመጠ መዝገብ አለ፤ ለሐዘን የመጣ ሁሉ ስሙን የሚጽፍበት። ሰው ሁሉ ይፈርማል፣ ልማድ ነው፣ ማንም አያስብበትም። እኔም አላሰብሁበትም።

ሰዉ ሲመናመን ቼት ወደዚያ ሄደ። መነጽሩን አደረገ። ማን እንደመጣ አይቶ ምስጋና ሊጽፍላቸው ነው መሰለኝ። እኔ ከኋላው ኮቴን እየለበስሁ ነበር። ጣቱ በስሞቹ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ፣ ከዚያ ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። አንድ ገጽ ገለበጠ፣ መለሰ። ከትከሻው በላይ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ወደ ግራ የተጋደመ ትልልቅ ጽሕፈት፤ የአባቱ ስም የሚጀምርባት ኤች የአጥር በር ትመስላለች፣ ከመሐል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ዱዌን ሃርትማን ይላል። ከሥሩ የማርጅ ነው፤ ነጥቦቿን ሁሉ እንደ ዶቃ ክብ አድርጋ ነው የምታስቀምጣቸው። ከሥሩም ሌላው፣ ከሥሩም ሌላው፤ ሁሉም በየራሱ ስም፣ በዚያው እጅ።

ቼት ጣቱን ፊደሏ ላይ አሳረፈ።

«ፍሎ» አለ ዞር ሳይል። «ሃሮልድ መጥቷል።»

እጄ ኮቱ እጅጌ ውስጥ እንደገባ ቀረ።

«በዚያው በፈረመበት እጁ ጨበጠኝ» አለ። «እኔም አመሰገንሁት።»

«ቼት፣ እኔ… እሷ እንድትስቅ ብዬ ነው። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ…»

እጁን አነሣ፣ ዝም በይ ማለቱ ነው። አልጮኸም። ቢጮኽ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

«ስንት ሰው መጣ?»

«ቼት…»

«እውነተኛ ሰው። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ። ስንት ሰው መጣ፣ ፍሎ?»

በልቤ ቆጠርሁ። ሁለቱ እህትማማቾች። ሽንት ቤት የፈለገው። መንገድ የተሳሳቱት ባልና ሚስት። መስኮት የሚሸጠው።

«ስድስት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ በአዳራሹ መሐል አልፎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፣ አጠገቧ ቆመ፣ ደህናውን እጇን ያዘ። ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብሎ ስንት ሰው እንደመጣ ነገራት።